የጎርጎራ ፍርስራሽና የዛሬው መማሪያ ክፍል፦ ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ለቀረበ ክስ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ዳር ወላጆችና መምህራን መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለጣና ዳር ሕዝብ አይበጅም የሚል ነው። ጸሐፊው ምክንያታቸውን እንዲህ ይደረድራሉ፦ ኢየሱሳውያን፣ ማለትም ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት ማኅበር፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በዚሁ ሐይቅ ዳርቻ ደም አፋስሰዋል፤ ትምህርታቸው ከአገራችን የትምህርት ሥርዓት ጋር ዝምድና የለውም፤ በቀለም ሰበብ ልጆችን ከአባቶቻቸው ሃይማኖት ያስወጣሉ፤ የትምህርት ቤቶቹ ልማዶች ባዕድ ናቸው፤ የሚያገለግሉትም ገንዘብ ያለውን ብቻ ነው።

ምላሽ ለመጻፍ የተነሣሁት ጉዳዩ ስለሚያገባኝ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቅሁት ግን አዲስ አበባ ውስጥ የላሳል ወንድሞች በሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት መምህራን እጅ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር ታሪክ አስተምራለሁ። የተከሰሱትንም አውቃቸዋለሁ፣ የከሳሹ ስጋት ከየት እንደሚመነጭም ይገባኛል። ሌላ ካላልሁ በቀር ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የኢየሱሳውያን ሕንፃ ፍርስራሽ ባለበት በጣና ዳሩ ጎርጎራ ልጀምር። እዚያ የሆነው ነገር መራር ነው፤ ማንም ሊያለዝበው አይገባም። ነገር ግን ጸሐፊው ሠላሳ ዓመት ያህል የፈጀውን ታሪክ ጨፍልቀው የአንድ ቀን ድርጊት አስመስለውታል። ኢየሱሳዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በምጽዋ በኩል የገባው በ1603 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በመንገድ ተይዞ ሰባት ዓመት ያህል በየመን በምርኮ ማቅቋል። አድዋ አጠገብ ፍሬሞና ተቀምጦ የአገሩን ቋንቋ ተማረ፤ ልጆች ሰብስቦ አስተማረ። በ1604 ዐፄ ዘድንግል ሲያስጠሩት ተማሪ ልጆችን ይዞ ሄዶ ትምህርታቸውን በንጉሡ ፊት በጥያቄና መልስ አሰማ። ወደ ጣና ዳር ከመጣ በኋላም ሥራው ከዚሁ አልራቀም፤ ይጽፋል፣ ይገነባል፣ ከሊቃውንት ጋር ይከራከራል። ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ ባሳወቁበት በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ።

ነገሩ የከረረው ከእሱ በኋላ ነው። በሮማው ጳጳስ የተሾመው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ደረሰ፤ በ1626 ደንቀዝ ላይ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማው ጳጳስ ለመገዛት ማሉ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ የበዓላት አቆጣጠሩ ይለወጥ፣ ቀዳሚት ሰንበት ትሻር፣ ግዝረት ይቅር ተባለ። አገሩ ተነሣ። በ1632 ወይና ደጋ በተባለ ቦታ ከላስታ ሰዎች ጋር በተደረገው ውጊያ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው አወጁ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ወለተ ጴጥሮስን ማንሣታቸው ተገቢ ነው። ባሏንና የመኳንንት ኑሮዋን ትታ የመነነች፣ ፓትርያርኩ ራሱ ተከራክሮ ያልረታት፣ ተግዛ የተመለሰች፣ በጣና ዙሪያም ማኅበር ያቋቋመች እናት ናት። ቆራጣ በሄድሁ ቁጥር ደጇን እሳለማለሁ።

እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም። የምንለያየው ከዚህ በሚያወጡት ፍርድ ነው። ያን ደም ያፈሰሰው ሃይማኖትን በዐዋጅ ማዘዝ ነው። የንጉሥ ሰይፍና የፓትርያርክ ትእዛዝ ሲጣመሩ የሆነ ነው። ፍሬሞና ላይ ፊደል የቆጠሩት ልጆች በማንም ላይ አልዘመቱም። አንድ ሕዝብ በግድ ሲታዘዝ የሚሆነውን ጣና አይቷል፤ ከዚያ የምንማረው «አታስገድድ» የሚለውን ነው። ጸሐፊው ግን «አታስተምር» ብለው ተረጐሙት። በአራት መቶ ዓመት ግድም ልዩነት ላይ ለሚገኝ፣ ንጉሥም ዐዋጅም በእጁ ለሌለ መምህር የሜንዴዝን ዕዳ ማስከፈል ፍርድ ማዛባት ነው።

በነገራችን ላይ ጸሐፊው ፓኤዝን የዓባይን ምንጭ ለመሰለል የተላከ አድርገው ጽፈዋል። ፓኤዝ ግሽ ዓባይ የደረሰው በኤፕሪል 1618 ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ሆኖ ነው። የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ ያየውንም መዝግቦ ለንባብ ትቶልናል። ምንጩን ደግሞ የአካባቢው የሰከላ ሰው ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር፣ ይሳለመውም ነበር።

ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። ጽሑፉ ኢየሱሳውያንን፣ ላዛሪስቶችን፣ ካፑቺኖችንና የላሳል ወንድሞችን አንድ ላይ ጠቅልሎ «እነሱ» ይላቸዋል። እነዚህ በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ሰው፣ ለተለያየ ዓላማ የተመሠረቱ ማኅበራት ናቸው። የኢየሱሳውያን ማኅበር ራሱ በ1773 በሮማው ጳጳስ ትእዛዝ ፈርሶ በ1814 እንደገና የቆመ ነው። የላሳል ወንድሞች ከነጭራሹ ካህናት አይደሉም፤ አይቀድሱም፣ አያናዝዙም፤ ሕይወታቸውን ለማስተማር ብቻ የሰጡ መነኮሳት ናቸው። ሰውን ለመክሰስ መጀመሪያ ማን መሆኑን መለየት ያስፈልጋል።

አሁን በጣም ወደምቆጭበት ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው የካቶሊክ ትምህርት ከቅኔ ቤታችን ጋር ምንም አያገናኘውም ይላሉ። ይህን ያሉት ቅኔ ቤትን አክብረው እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ኢየሱሳውያን በ1599 ያጸደቁትን የትምህርት ሥርዓት አንብበው ቢሆን ኖሮ የጎጃምን ጉባኤ ቤት ያስታውሳቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቅኔ ቤት ምን እንደሚሆን እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ተማሪው ግስ ያወርዳል፣ አገባብ ያጠናል። ከጉባኤ ቃና ይጀምርና በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ እያለ ወደ መወድስ ይወጣል። ሲመሽ የተቆጠረለትን ሰምቶ ያድራል፤ ቀን ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ በራሱ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። ከዚያ ታናናሾቹን ለሚሰማው ከፍ ላለ ተማሪ ለአስነጋሪው፣ ከፍ ሲልም ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። የሚቆጥረው ማንም በዕለት ኑሮው በማይነጋገርበት በግዕዝ ነው። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ደግሞ አይባልም፤ ነገ አዲስ መምጣት አለበት።

በኢየሱሳውያን ኮሌጅ ውስጥ ደግሞ ተማሪው የላቲን ሰዋስው እርባታ በቃሉ ይይዛል። ከሰዋስው ወደ ሥነ ጽሑፍ፣ ከዚያ ወደ ንግግር ጥበብ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ያን ጊዜ በዕለት ኑሮ ማንም በማይነጋገርበት በላቲን ግጥም እንዲገጥም ይታዘዛል። በየክፍሉ ለዐሥር ለዐሥር ተማሪ አንድ አለቃ ይሾማል፤ ታናናሾቹ ቃላቸውን ለእሱ ያሰማሉ፣ እሱም መዝግቦ ለመምህሩ ያቀርባል። የአስነጋሪው ሥራ ማለት ነው። የተማሩትን በየቀኑና በየሳምንቱ መከለስ ግዴታ ነው። በታወቁ ቀናት ደግሞ ተማሪ ከተማሪ በአደባባይ ይከራከራል፤ በጎጃሞቹ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች በዋሸራና በጎንጅ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

አንዱ ከሌላው ቀዳ እያልሁ አይደለም። ዋሸራና ሮም ሳይመካከሩ ወደ አንድ መንገድ የመጡት ሁለቱም የሚያስተምሩት ቃልን የሚያከብር ሰው ስለነበር ነው። ቃልን በቃል መያዝ፣ ከዚያ በራስ አንደበት አዲስ አድርጎ መፍጠር፣ ከዚያ በሰው ፊት መከላከል፤ የአብነት ተማሪም የኮሌጅ ተማሪም የሚያልፍበት ጎዳና ይኸው ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ወንድሞቹ ክፍል ስገባ ባይተዋር ያልሆንሁት ለዚህ ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ግጥም በቃላችን ይዘን ቆመን ስንናገር ሌሎቹ ልጆች ይርበተበቱ ነበር። ዳዊት የደገመ ልጅ ግን ቃል መያዝ አይከብደውም።

ጸሐፊው «ዝምድና የለውም» ሲሉ የዘነጉት ሰውም አለ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ግድም የተወለዱት እዚሁ ጎጃም ውስጥ በመርጡለ ማርያም አካባቢ፣ ዲቦ በምትባል ቦታ ነው። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ፤ ግን ለትምህርት የነበራቸው ጥም አልቀነሰም። በመርጡለ ማርያም ገዳም ተምረው መነኮሱ። በአገራችን ሊቃውንት መካከል ክርክር የሆነውን ነገረ መለኮት መርምረው ለመረዳት በየገዳሙ ዞሩ። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላከው መልእክት ጋር ሲሄዱ ከላዛሪስቱ ከአቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ከጁስቲኖ ደ ያቆቢስ ጋር ተዋወቁ። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ ከዚያም በአጋመ ጓላ በተከፈተው የካህናት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው ለተማሪዎቹ መጻሕፍት አዘጋጁ። በ1855 በእስር እንዳሉ ሞቱ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው በ1926 ብፁዕ ብላቸዋለች።

በእምነታቸው ከእሳቸው ጋር አልስማማ ይሆናል። ነገር ግን በኢትዮጵያ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲጻፍ ከመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች አንዱ የጎጃም መነኩሴ፣ የመርጡለ ማርያም ደቀ መዝሙር መሆናቸውን መካድ አይቻልም። አቡነ ያዕቆብም ቢሆኑ እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሰው፣ የአገሩን ምግብ በልተው፣ በአገሩ ቋንቋ ሰብከው የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሜንዴዝን መንገድ አልተከተሉም። ዛሬም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሰሜኑ ክፍል የምትቀድሰው በግዕዝ ሥርዓት ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ሲቋቋምም ይኸው ሥርዓት ነው የቀጠለው።

የአማርኛን ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኢየሱሳውያን ትምህርታቸውን ሕዝቡ በሚናገረው በአማርኛ ማሰማትና መጻፍ ያዙ። የተዋሕዶ ሊቃውንትም ሕዝቡን ለማጽናት በአማርኛ መመለስ ግድ ሆነባቸው። ዛሬ እኔና ጸሐፊው በአማርኛ ስንከራከር ያ ክርክር በጠረገው መንገድ እየሄድን ነው።

ሦስተኛው ክስ ከባዱ ነው፤ ወላጅን የሚያስፈራውም እሱ ነው። ልጄን አስገብቼ ሃይማኖቱን ቀይሮ ቢመጣስ? ይህን የሚጠይቅ ወላጅ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

በ1936 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሚሲዮኖችን ሥራ የሚገዛ ደንብ አውጥቷል። ደንቡ አገሪቱን በሁለት ከፈላት። ሕዝቡ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ በሆነበት አካባቢ ሚሲዮናውያን ሃይማኖታቸውን እንዳያስተምሩ ከለከለ፤ ሐኪም ቤትና ሃይማኖት የማይሰበክበት ትምህርት ቤት ግን በፈቃድ ሊከፍቱ ይችሉ ነበር። ጎጃም ከተከለለው ወገን ነበር። እንግዲህ «ለምን በእኛ አካባቢ የካቶሊክ ትምህርት ቤት እንደ ሌላው አገር አልበዛም» ለሚለው ጥያቄ ከመልሶቹ አንዱ ይኸው ደንብ ነው። ሕዝቡ ተነሥቶ አባረራቸው የሚለው የጸሐፊው አባባል ትክክል አይደለም።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1945 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ የጠሩት ኢየሱሳውያንን ነው። ፋሲለደስ ያስወጡት ያው ማኅበር ማለት ነው። ጸሐፊው «በጓሮ በር ተመለሱ» ይላሉ። የመጡት በንጉሠ ነገሥቱ ጥሪ ነው፤ ያ ንጉሠ ነገሥት ደግሞ የሱስንዮስን ታሪክ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ በተዋሕዶ ሥርዓት ተቀብቶ የነገሠ ነው። ከካናዳ ኩቤክ የመጡት ካህናት ሃይማኖታቸውን ላይሰብኩ ተስማምተው፣ የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ኮትና ሱሪ ለብሰው አስተማሩ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የነበሩት ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት መሠረት ሲጣል ድንጋይ ካቀበሉት እጆች መካከል እነዚህ አሉበት። ሱስንዮስ በዐዋጅ ያላገኙትን አመኔታ እነዚህ ሰዎች በጠመኔ አገኙት፤ ያገኙትም ሳይሰብኩ ስላስተማሩ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን እምነት ከየት አመጡት ብንል መልሱ ሐረር ነው። በልጅነታቸው ካስተማሯቸው መካከል ካፑቺኑ አባ እንድርያስ ዣሮሶና ኢትዮጵያዊው ካቶሊክ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ። አባ ሳሙኤል በ1915 ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲሰጥም ደቀ መዝሙራቸውን ተፈሪን፣ የኋላውን ንጉሠ ነገሥት፣ ለማዳን ሲሞክሩ ነው የሞቱት። ያ ደቀ መዝሙር የካቶሊክ መምህሩን እስከ ሞት ወደደ፤ ሃይማኖቱን ግን አልለወጠም።

ቁጥርም ይናገር። ብዙ ዐሥርት ዓመታት በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ልጆች ሲማሩ ከኖሩ በኋላ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ናቸው። በአማራ ክልል የኦርቶዶክሱ ድርሻ 82.5 በመቶ ነው። ትምህርት ቤቶቹ የተከፈቱት ሰውን ለማስቀየር ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር እንዴት ሊገኝ ቻለ? ዛሬ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። የካቶሊክ ትምህርት ቤት እንደ ሌላው ሁሉ በመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ያስተምራል፤ ተማሪውም እንደ ሌላው ሁሉ አገር አቀፉን ፈተና ይቀመጣል።

እኔ በተማርሁበት ክፍል ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ዴስክ ይቀመጥ ነበር። ዓርብ ሙስሊም ጓደኞቻችን ለጁምዓ ይወጣሉ። በሕማማት እኛ ስንሰግድ ብራዘር የምንለው ወንድም መምህራችን ፈተና አያወጣብንም። ጾሜን በአግባቡ መጾም የጀመርሁት እዚያ ነው፤ በዙሪያዬ ሃይማኖቱን በቁም ነገር የሚይዝ ሰው ስላየሁ ነው።

ወደ ልማዶቹ ልለፍ። ጸሐፊው ዩኒፎርሙን፣ የጠዋት ሰልፉን፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የሚደረገውን አጭር ጸሎት፣ የቅዱሱን በዓል፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበሩን አንድ በአንድ ዘርዝረው የቅኝ ገዢ ልማድ ይሏቸዋል። ዩኒፎርምና የጠዋት ሰልፍ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ አለ፤ እዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ሌሎቹ ግን ከየት እንደመጡ መናገር ይገባል።

ዣን ባፕቲስት ደ ላሳል በፈረንሳይ ሬምስ ከተማ በ1651 የተወለደ የባለጸጋ ልጅ ነው። በ1680 አካባቢ ድሃ ልጆችን የሚያስተምሩ መምህራንን ሰብስቦ ማኅበር አቋቋመ። ያ ማኅበር ዛሬ የላሳል ወንድሞች የሚባለው ነው። በዚያ ዘመን የድሃ ልጅ ከተማረም የሚጀምረው በላቲን ነበር፤ ላሳል በአፍ መፍቻቸው በፈረንሳይኛ አስጀመራቸው። መምህር አንዱን ልጅ ብቻውን እየጠራ ሲያስተምር ሌሎቹ የሚተኙበትን ልማድ ትቶ በደረጃ የተከፋፈለ ክፍል በአንድ ላይ ማስተማርን አስፋፋ። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ በየትኛውም ትምህርት ቤት ልጆች በክፍል በክፍል ሲቀመጡ ይህ ሰው የደከመበት ሥርዓት ነው የሚሠራው። በ1684 ረኀብ ሲገባ ሀብቱን ለድሆች አከፋፍሎ ጨረሰና እሱም ድሃ ሆኖ ከመምህራኑ ጋር ኖረ። ቅኝ ገዢ የት አለ?

ጸሎት የተባለውም ይህ ነው። በላሳል ትምህርት ቤቶች በትምህርት መጀመሪያም በቀኑ መካከልም ሥራ ይቆምና አንድ ሰው «በእግዚአብሔር ፊት መሆናችንን እናስታውስ» ይላል። ከዚያ ጥቂት ጸጥታ ይሆናል፤ ከዚያ ሥራው ይቀጥላል። ሙስሊሙ በልቡ የሚለውን ይላል፤ እኔም አቡነ ዘበሰማያት እል ነበር። እኛ እህል ከመቅመሳችን በፊት የምንባርክ፣ መንገድ ስንጀምር የምናማትብ ሕዝብ ነን፤ ይህ ልማድ ለእኛ ባዕድ የሚሆነው በምን በኩል ነው? የጠባቂ ቅዱስ በዓል ማክበርስ በየአጥቢያው ታቦት ለሚያነግሥ የባሕር ዳር ሰው እንግዳ ነገር ነው? የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበርም ቢሆን ተማሪ ቤቱን የማይረሳ ሰው ሥራ ነው፤ የአብነት ተማሪም ሊቅ ከሆነ በኋላ የመምህሩን ስም ሳይጠራ ጉባኤ አይዘረጋም።

ስለ ባዕድነት ሲነሣ ባሕር ዳርን ራሷን እንያት። ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተከፈተ። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠራ። የከተማዋን የመጀመሪያ ዝርዝር ፕላን ያወጡት ጀርመኖች ናቸው። የመምህራን ትምህርት አካዳሚው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ድጋፍ ቆመ፤ ፖሊቴክኒኩና አካዳሚው ተዋሕደው ዛሬ የምንኮራበት ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከፖሊቴክኒኩ የወጣ መሐንዲስ ሩሲያዊ አልሆነም። ከተማችን የመጣላትን ትምህርት ተቀብላ የራሷ ማድረግን ከተመሠረተች ጀምሮ ታውቅበታለች።

የመጨረሻው ክስ የገንዘብ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ። አንዳንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ክፍያቸው ለመካከለኛ ገቢ ሰው የማይቀመስ ሆኗል። ላሳል ሀብቱን የሰጠው ለዚህ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶቹም ከልጆቹ ወላጆች ገንዘብ አይቀበሉም ነበር። ነገር ግን ይህ ትችት ትምህርት ቤቱ አይከፈት ወደሚል መደምደሚያ አያደርስም። ትምህርት ቤቱ ከመሥራቹ ሐሳብ እንዳይወጣ ወደ መጠየቅ ያደርሳል። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ቢያነሡ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር፤ እሳቸው ግን በሩ ይዘጋ አሉ።

ስለዚህ ለባሕር ዳር ወላጅ የምለው ይህን ነው። ልጅህን ወይም ልጅሽን ወደ ካቶሊክም ሆነ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ከመላክ በፊት ጠይቁ። በነጻ የሚማሩት የድሃ ልጆች ስንት ናቸው? የሚመረጡትስ በምን መስፈርት ነው? ቤተ መጻሕፍቱ በዕረፍት ሰዓት ክፍት ነው? መምህራኑ በሙያቸው የሠለጠኑ ናቸው? በየዓመቱስ ስንቱ ለቆ ይሄዳል? አማርኛ በቁም ነገር ይሰጣል? ሴት ልጆች በሳይንስ ክፍል ስንት ናቸው? በጾምና በበዓል ቀን የሌላ እምነት ልጆች እንዴት ይያዛሉ? ስም ጠሪው መምህር ልጁን በስሙ ያውቀዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላገኘ ወላጅ ልጁን ሌላ ቦታ ቢወስድ ትክክል ነው። ጸሐፊውም በሚቀጥለው ጽሑፋቸው እነዚህኑ ይዘው ትምህርት ቤቶቹን ቢመረምሩ፣ ከመጻፋቸውም በፊት ገብተው አንድ ሙሉ ቀን ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ፣ ያገኙትን ለማንበብ የመጀመሪያው ሰው እኔ እሆናለሁ።